ከዓደን ወደ ጅቡቲ በሸራ ጀልባ፤ የጭድ ተራ ልጅ የባሕር መንገድ

ስለ ባሕር መንገድ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ወሬውን ከባሕር ልጀምረው አልቻልሁም። የባሕርን ሕግ አስቀድሜ የተማርሁት ባሕር በሌለበት በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ፥ በጭድ ተራ ነውና።

በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ከተዛወረ ወዲህ፥ በመርካቶ ያለ ዕቃ ሁሉ የየራሱን ተራ ይዞ፥ ቦታውም በዕቃው ስም ሲጠራ ኖሯል። ሸማው ሸማ ተራን፥ ሳንቃው ሳንቃ ተራን፥ ጭዱም ጭድ ተራን ሰየመ። እናቴ በዚህ በመጨረሻው ተራ ጭድ ይሸጡ ነበር። ጭድ ለከብት መኖና ለፍራሽ መሙያ ይፈለጋል፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ለቤት ምርጊት ይፈለጋል። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ በእግር ሲረገጥ፥ ግድግዳው ደርቆ እንዳይሰነጠቅ አስሮ ይይዘዋል። ስንት የአዲስ አበባ ቤት በእናቴ ጭድ እንደ ቆመ እግዚአብሔር ያውቃል።

ጭዱ የሚመጣው በአህያ ነበር። አህያይቱ በመረብ የታሰረውን ጭድ በግራና በቀኝ ስትጫን ወርዷ የመንገዱን ወርድ ያህላል፤ ከሩቅ ለሚያያት አራት እግር ያወጣ ክምር የሚራመድ ይመስላል። እርስዋ ወደ ጎን አታይም፤ ነጂውም ከክምሩ ኋላ ስለ ሆነ በፊት የቆመውን ሕፃን አያይም። ሸካሚውም እንዲሁ ነው። ኩንታሉን በጫንቃው አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ሲሮጥ «ዘወር በሉ! መንገድ!» እያለ ይጮኻል እንጂ አይቆምም፤ ቢቆም ሸክሙ ይጥለዋልና። እንግዲህ በዚህ መካከል ለሚሻገር ልጅ እናቴ ያወጡት ሕግ ሁለት ነበረ። አንደኛው «ባዶ እጁን የሚሄድ ለተሸከመው ይለቅቃል» የሚል ነው። ሁለተኛው «አንዱ አህያ ስላለፈ አትሻገር፤ ከኋላው ሌላ አለ» የሚል ነው። አህያ ለብቻው ወደ ገበያ አይመጣምና። የመጀመሪያውን ሕግ ከቶ አልረሳሁም። ሁለተኛውን ግን በአንዲት ሌሊት ረሳሁት፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያች ሌሊት ነው።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር 1996 ዓ.ም. ነው። እኔ በአንድ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ሠራተኛ ሆኜ ስኖር፥ መርከቡ በዓደን ወደብ ሳለ ባለቤቱ ስለ ከሰረ ሠራተኛው ሁሉ ተበተነ፤ የአምስት ወር ደመወዜም በዚያው ቀረ። በዚያው ሰሞን እኅቴ በስልክ «እናታችን ደክመዋልና ልታያቸው ብትፈልግ አትዘግይ» ብላ አስታወቀችኝ። ለአውሮፕላን የሚበቃ ገንዘብ አልነበረኝም። እንግዲህ በወደቡ ዳርቻ ስንከራተት ከሰነበትሁ በኋላ፥ አንዲት ነጭ የሸራ ጀልባ መልሕቋን ጥላ አየሁ። ባለቤትዋ በአገራቸው የትምህርት ቤት መምህር ሆነው ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ሜዲቴራኒያን ይሄዱ ነበር። ዳሩ ግን ወይዘሮዋ በማዕበል ጊዜ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ስለ ተሰበረ ገመድ መሳብ አይችሉም። ሽማግሌው እስከ ጅቡቲ ድረስ በገመድና በሞተር የሚረዳቸው ሰው ይፈልጉ ነበር፤ እኔም እስከ ጅቡቲ ድረስ የሚያደርሰኝ እፈልግ ነበር። ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ተፈጸመ።

ይህ ባሕር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ካሌብ ሠራዊታቸውን ወደ የመን ያሻገሩት በዚሁ በቀይ ባሕር ነው፤ በ7ኛውም መቶ ዓመት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው የአክሱምን ንጉሥ ጥገኝነት የጠየቁት ይህንኑ ውሃ ተሻግረው ነው። ቀይ ባሕርንና የዓደንን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው ጠባብ በር ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ ትርጓሜውም የልቅሶ በር ማለት ነው። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉም የፔሪም ደሴት ስላለች ትልልቆቹ መርከቦች በደሴቲቱና በአፍሪካ ጠረፍ መካከል ባለው ሰፊው መንገድ ያልፋሉ። የስዌዝ ቦይ በኅዳር 1862 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ፥ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚሄድ ጭነት በዚህ በር ሲጎርፍ ኖሯል።

ከዓደን እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ 130 የባሕር ማይል፥ ማለት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመኪና የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ጀልባችን ግን ርዝመትዋ 11 ሜትር፥ ፍጥነትዋም በመልካም ነፋስ በሰዓት 5 የባሕር ማይል ነበር። እንግዲህ ሳናቋርጥ ሄደን 26 ሰዓት ያስፈልገናል። ርቀቱ ግን የሚያሠጋ አይደለም፤ የሚያሠጋው መንገዳችን ወደ በሩ የሚገቡትንና ከበሩ የሚወጡትን መርከቦች መስመር የሚቆርጥ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ከጭድ ተራ ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጭነት የሚያልፍበትን መንገድ መቁረጥ ግድ እንደሚሆንበት ማለት ነው።

ከቀኑ በ6 ሰዓት መልሕቅ አነሣን። በማለዳ እንሄዳለን ብለን ነበር፤ ነገር ግን የወደቡ ጽሕፈት ቤት ማኅተም እስከ ቀትር አቆየን። በበጋ ወራት በዚያ ባሕረ ሰላጤ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ከኋላችን በግራ በኩል ሸራውን ሞልቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነዳን። የዓደን ጥቁር ተራራ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ሰመጠ። ወይዘሮዋ በግራ እጃቸው ሩዝና ዓሣ ሠርተው አበሉን። ሽማግሌው በካርታው ላይ በእርሳስ መስመር እያሰመሩ የሌሊቱን ዘበኛነት ከፈሉ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ለእኔ ደረሰ።

የባሕርን መብራት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። መርከብ ሁሉ በሌሊት በግራ ጎኑ ቀይ፥ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ትልቁ የሞተር መርከብ ከዚህ በላይ በምሰሶው ሁለት ነጭ መብራት አለው፤ የፊተኛው ዝቅ፥ የኋለኛው ከፍ ያለ ነው። ቀዩን ብቻ ብታይ የመርከቡ ግራ ጎን ወዳንተ ነው፤ አረንጓዴውን ብቻ ብታይ ቀኙ ነው። ሁለቱንም በአንድነት ብታይ፥ ነጮቹም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ብታይ፥ መርከቡ በቀጥታ ወዳንተ እየመጣ ነው። ሌላም ምልክት አለ። የመርከቡን መብራት በኮምፓስ ለክተህ፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግመህ ስትለካ አቅጣጫው ካልተለወጠ፥ መብራቱም እየጎላ ከሄደ፥ ሁለታችሁ በአንድ ነጥብ ላይ ልትገናኙ ነው።

ስለ ሕጉም እንዲህ ነው። በ1965 ዓ.ም. መንግሥታት የተስማሙበት የግጭት መከላከያ ደንብ፥ በሰፊ ባሕር ላይ የሞተር መርከብ ለሸራ ጀልባ መንገድ ይልቀቅ ይላል። ይሁን እንጂ የመመላለሻ መስመር በተከፈለበት በባብ ኤል መንደብ ዓይነቱ ጠባብ ስፍራ፥ የሸራ ጀልባ መስመሩን ይዞ የሚሄደውን የሞተር መርከብ እንዳታሰናክል፥ መስመሩንም ስትቆርጥ በተቻለ መጠን በቀጥታ እንድትቆርጥ ያዝዛል። እኛ የምንቆርጥበት ቦታ ከተከፈለው መስመር ውጭ ስለ ነበረ፥ በደንቡ ቃል መንገድ የሚለቀቀው ለእኛ ነበር። ሽማግሌው ግን በዚህ መብት ጨርሰው አይታመኑም። እንደ ነገሩኝ፥ 300 ሜትር የሚረዝም ጭነት የሞላው መርከብ ሞተሩን ወደ ኋላ ቢያዞር እንኳ ለመቆም ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ ኮንቴነሩም ከፊቱ ስለ ተከመረ መሪው ከአፍንጫው ፊት እስከ 500 ሜትር ድረስ ያለውን ውሃ ላያይ ይችላል። የእኛ ጀልባ ደግሞ ከፕላስቲክና ከመስተዋት ክር የተሠራች ስለ ሆነች ለራዳር እምብዛም አትታይም። ይህን ሲነግሩኝ የእናቴን አህያ አሰብሁና ሳቅሁ፤ ሽማግሌው ስለ ምን እንደምስቅ አላወቁም።

በ4 ሰዓት ገደማ ወደ ስዌዝ የሚሄዱት መርከቦች በግራችን ይታዩ ጀመር። መርከብ በሰዓት 18 የባሕር ማይል ሲሄድ፥ መብራቱ በ6 ማይል ላይ ከታየህ ያለህ ጊዜ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩን በቀጥታ ለመቁረጥ ጥቂት ወደ ግራ ታጠፍን። አምስት መርከብ ቆጠርሁ። ለሁለቱ ሸራውን አላልተን ቆምንላቸው፤ ሦስቱ ከኋላችን ራቅ ብለው አለፉ። በአንደኛው ላይ የኮንቴነሩ ብዛት ከከተማ ሕንፃ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ውስጥ በጅቡቲ ወርዶ ወደ መርካቶ የሚሄድ ዕቃ ሊኖር ይችል ይሆን እያልሁ አሰብሁ፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ከመቶው ዘጠና እጅ በላይ በጅቡቲ ሲመላለስ ኖሯልና። ሽማግሌው የመጀመሪያው መስመር ማለቁን አይተው «አሁን ጥቂት ልተኛ፤ ከበሩ የሚወጡትን በቀኝህ ተመልከት፤ ብትጠራጠር ቀስቅሰኝ» አሉና ገቡ።

በ5 ሰዓት ላይ በቀኜ ሁለት ነጭና አንድ ቀይ መብራት ወጣ። ለካሁት፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስለካው አቅጣጫው አልተለወጠም። እንደ ተማርሁት ሸራውን አላልቼ ጀልባዋን አዘገየኋት። መርከቡ እየጎላ፥ እየጎላ መጣ፤ የሚያሳፍር ነገር ብናገር፥ ግርማው ደስ አሰኘኝ። መርከቡ ሁሉ በመብራት ተጥለቅልቆ በፊታችን ከቀኝ ወደ ግራ አለፈ። እኔም በዓይኔ እየሸኘሁት ወደ ግራ ዞርሁ፤ ሸራውንም መልሼ ወጠርሁ፤ ጀልባዋም ፍጥነትዋን ያዘች። ስሙን ለማንበብ ስጣጣር ዓይኔ በመብራቱ ፈዝዞ ነበር።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮዋ በግራ እጃቸው ሻይ ይዘውልኝ ከውስጥ ወጡ። በታሰረው ቀኝ እጃቸው ወደ ቀኝ አመለከቱና ዝቅ ባለ ድምፅ «ያ ምንድር ነው?» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን፤ በላያቸውም ሁለቱ ነጮች አንዱ በአንዱ ላይ። ሁለተኛው መርከብ የመጀመሪያውን ተከትሎ በዚያው መስመር ሲመጣ፥ በፊተኛው መብራት ተሸፍኖብኝ ነበር። ርቀቱ አንድ የባሕር ማይል አይሞላም። በሦስት ደቂቃ ውስጥ እኛ ባለንበት ላይ ይሆናል።

«ጌታዬ!» ብዬ ጮኽሁ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደ ጮኽሁ አላስታውስም። ሽማግሌው በእግራቸው ባዶ ወጡ፤ አንድ ጊዜ አይተው መሪውን ከእጄ ተቀበሉና «ሞተር!» ብቻ አሉኝ። ሞተር ሥራዬ ነው፤ በጨለማ ውስጥ እጄ ቁልፉን አገኘው። ሁለት ጊዜ አጉረመረመና በሦስተኛው ተነሣ። ያንን የሁለት ጊዜ ማጉረምረም እስከ ዛሬ በእንቅልፌ እሰማዋለሁ። ሽማግሌው ጀልባዋን ወደ ቀኝ አዞሩና ወደ መጣንበት መለሷት። ነፋሱ በሌላው ጎን ሲገባ፥ ሸራውን ከበታች የሚይዘው አግዳሚ እንጨት ከዳር እስከ ዳር እንደ ዱላ ተወርውሮ በራሳችን ላይ አለፈ። ወይዘሮዋ ሻዩን ጥለው ወለል ላይ ተኝተው ነበር። እኔ የእጅ ፋኖሱን አንሥቼ በነጩ ሸራ ላይ አበራሁት፤ ሰው ካለ ያይ ዘንድ።

ከዚያም አረንጓዴው መብራት ጠፋ፤ ቀዩ ብቻ ቀረ። ይህን ባየሁ ጊዜ ከመንገዱ እንደ ወጣን አወቅሁ። መርከቡ ከኋላችን፥ በግምት 300 ሜትር ርቆ አለፈ። የሞተሩ ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በደረት ይሰማ ነበር። ከላይ ማንም አልተናገረን፥ ማንም አላበራልን፤ ያየን እንደ ሆነ አላውቅም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጎኑ ሞገድ ደርሶ ጀልባዋን አነሣና አወረዳት፤ በውስጥ ያለው ሳህን ሁሉ ተንኳኳ።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ እወድ ነበር። ወደ ውስጥ ገብተው የመርከብ መዝገባቸውን አወጡና ሰዓቱን ጻፉ፤ ቀጥለውም ሁለት መርከብ በተከታታይ እንደ መጡ፥ ሁለተኛው ዘግይቶ እንደ ታየ ጻፉ። የማን ጥፋት እንደ ሆነ አልጻፉም። ከዚያም መሪውን መልሰው ሰጡኝና «የቀረህ ግማሽ ሰዓት ነው» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። ሦስተኛም መርከብ መጣ፤ አራተኛም። አንዱ ባለፈ ቁጥር ሁለታችን በአንድነት ወደ ቀኝ እናይ ነበር።

ሌሊቱ ነጋ። ስለ ጠዋቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዶልፊኖች ከጀልባዋ ፊት ሲዘሉ ነበር፥ ባሕሩም የተኛ ይመስል ነበር። የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች በቀኛችን ዝቅ ብለው ታዩ፤ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት በጅቡቲ ወደብ መልሕቅ ጣልን። ስንለያይ ወይዘሮዋ ሦስት ክንድ የሚሆን ጥሩ የሸራ ገመድ ለእናቴ ላኩ፤ ጭድ ለማሰር ይበጃል ብዬ ነግሬያቸው ነበርና።

ያ ባሕር ከዚያ በኋላ ብዙ ተለውጧል። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም አቀፍ መንገድ የሚሄዱ ትልልቅ መርከቦች ሁሉ ስማቸውን፥ ቦታቸውንና ፍጥነታቸውን በሬዲዮ የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲይዙ ተደነገገ። ዛሬ ትንሽ ጀልባ እንኳ ይህንን መሣሪያ ብትይዝ፥ ሁለተኛው መርከብ ከአንደኛው ኋላ ቢደበቅም በሰሌዳዋ ላይ ታየዋለች። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ የሶማሌ ጠረፍ ወንበዴዎች በባሕረ ሰላጤው ስለ በረቱ፥ በ2001 ዓ.ም. የጦር መርከቦች የሚጠብቁት መተላለፊያ ተሰየመ፤ የመዝናኛ ጀልባዎችም ያንን መንገድ እየፈሩ ተዉት። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከየመን በንግድ መርከቦች ላይ በተተኮሰው ሚሳይል ምክንያት ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ በመልካም ተስፋ ርእስ ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። የዚህ ወሬ በመርካቶ የሚሰማው በሌላ ድምፅ ነው፤ ነጋዴው «ዕቃው ዘገየ፥ ኪራዩ ጨመረ» ይላል።

እኔ ከጅቡቲ ጭነት በያዘ መኪና ላይ ተለምኜ ተሳፍሬ፥ በጋላፊ በኩል ገብቼ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ደረስሁ። ሾፌሩ የጫነው ሸቀጥ መርካቶ የሚራገፍ ስለ ነበረ ከነሻንጣዬ እዚያው አወረደኝ። የቀረውን በእግሬ ሄድሁ። በጭድ ተራ መግቢያ ላይ ሸካሚ ሲመጣ ቆምሁ፤ አለፈ፤ ደግሞም ቆሜ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ሁለተኛው አልመጣም። ከኋላዬ ያለ ሰው «ወንድሜ፥ እለፍ እንጂ! ምን ገተረህ?» ብሎ ገፋኝ።

እናቴ በአልጋቸው ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ጉልበታቸውን ከሳምሁ በኋላ ገመዱን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ወጥረው ሞከሩት፤ «ይህ ከጭዱ ይከብዳል» ብለው ከትራሳቸው በታች አደረጉት። ሌሊቱን የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ሁለተኛውን ሕጋቸውን እንደ ረሳሁም አልደበቅሁም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «የዚያች ሴትዮ እጅ ዳነ?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚያ ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ለትንሣኤ ሰሞን ከቆጵሮስ የተላከ ፖስታ ካርድ በደረሰን ጊዜ ግን አነበብሁላቸው። ጽሕፈቱ የወይዘሮዋ ነበር፤ በቀኝ እጃቸው የጻፉት።